ሰው የቀሰቀሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ መከታተል እንጀራ ይሆናል?

ሰላም እህቴ። ጂኦሎጂ ልትጨርሺ ነው። ሰው በሚሠራው ሥራ የሚነሳ መንቀጥቀጥ ከምድር በታች ያለውን አለት እንዴት እንደሚለውጥ መከታተል ትፈልጊያለሽ። ቤተሰብሽ ደግሞ «ይሄ ምን ያበላል?» ይሉሻል። በዚያ ላይ አንድ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት ሥራ ሰጥቶሻል።

ያበላል። ኮዲንግ ካልቻልሽ ግን አይሆንም።

ይህን ሙያ ተፈላጊ ያደረገው የደረሰው ጉዳት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያዋን ፖሃንግ ከተማ በመጠን 5.5 ገደማ የሆነ መንቀጥቀጥ መታት። ለጂኦተርማል (ከምድር ሙቀት ለሚገኝ) ኃይል ወደ ጥልቅ ጉድጓድ የተገፋው ውሃ እንደቀሰቀሰው አጣሪዎች በ2019 አሳወቁ። በኔዘርላንድስ ደግሞ ግሮኒንገን የሚባለው ግዙፍ የጋዝ ማውጫ፣ ጋዙ መውጣቱ በቀሰቀሰው መንቀጥቀጥ የተነሳ በ2023 ማምረት አቆመ።

ሥራው መንቀጥቀጥ መቁጠር ብቻ እንዳይመስልሽ። የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያዎቹ ምንም መንቀጥቀጥ በሌለበት ቀንም የባሕር ማዕበልና የመኪና ንዝረት ይቀዳሉ። የሁለት ጣቢያዎችን ቅጂ ስታነጻጽሪ፣ ሞገዱ በመካከላቸው ባለው አለት ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ታገኛለሽ። ስንጥቅ ሲከፈት ወይም የውሃ ግፊት ሲጨምር ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ነው። ከባዱ ነገር ዝናብና የከርሰ ምድር ውሃም ፍጥነቱን መለወጣቸው ነው። ለውጡ የመጣው ውሃ ከተገፋበት ጉድጓድ ነው ወይስ ከክረምቱ? ይህን የሚለይ ሰው ነው የሚፈለገው። ኮድ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። አለት የምታውቂው አንቺ ግን አትቸገሪም።

ስለዚህ ፓይተን የሚባለውን የኮዲንግ ቋንቋ ጀምሪ። ከዚያ ኦብስፓይና ኤምኤስኖይዝ የሚባሉትን፣ የመንቀጥቀጥ ቅጂ የሚተነትኑ ሶፍትዌሮች ልመጂ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የግሮኒንገን አካባቢ ጣቢያዎች ዳታ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ እሱን አውርደሽ የፍጥነት ለውጥ ግራፍ ሥሪ። ለማስተርስ ስታመለክቺ ከማርክሽ በፊት ይህን ግራፍ አሳዪ። ፕሮፌሰሮች እንዲህ ያለ ተማሪ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል።

በአገር ቤት ለዚህ ሥራ ቀጥተኛ ቅርበት ያለው የአሉቶ ላንጋኖ የጂኦተርማል ጣቢያ ነው። ስምጥ ሸለቆው ራሱ የሚንቀጠቀጥ ስለሆነ፣ ውሃ ከመገፋቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ መመዝገብ ግድ ይላል። አይስላንድ ያለው የግሮ የጂኦተርማል ሥልጠናም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው። የሚልክሽ ግን መሥሪያ ቤትሽ ስለሆነ መጀመሪያ በኢነርጂ ዘርፍ መቀጠር ያስፈልግሻል።

እስከዚያው የጉድጓድ ቁፋሮውን ሥራ ያዢው። የውሃው ከፍታ በየወቅቱ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ መዝግበሽ አስቀምጪ። ከክረምቱ የመጣውን ለውጥ ለመለየት የሚያስፈልግሽ እሱ ነው።