ቦታሽን ለሌላ ሲሰጡት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሻይ እየጠጣን አንዲት ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ማስታወቂያና ትረካ ትሠራለች፤ አንዳንዴም አዲስ አበባ እየሄደች የውጭ ድራማ ላይ ድምፅ ትሰጣለች። "ጋሼ፣ ድምፄ ሲዘጋ ልናገር ወይስ ደብቄ ልሥራ? ብናገር እኮ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል" አለችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ያ "ሌላ" አንድ ጊዜ እኔ ነበርኩ።

በ1990ዎቹ ነው። ከፒያሳ ገባ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ የሬዲዮ ድራማ እንቀርጽ ነበር። ስቱዲዮ እንላታለን እንጂ ግድግዳዋ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት፣ በሯ ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለባት ቤት ናት። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ቀረጻ ይቆማል። አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ሲያርፍም ይቆማል፤ ያ ወፍ ቆርቆሮ ላይ ሲራመድ ሌባ የወጣ ነው የሚመስለው። ማይኩ አንድ ነው፣ ለአራት እንቆምበታለን፤ ተራችን ሲያልቅ ወረቀቱ እንዳይንኮሻኮሽ ትንፋሻችንን ይዘን በእግር ጣታችን ወደ ኋላ እንላለን።

ጓደኛዬ የሽማግሌውን ቦታ ይጫወት ነበር። 30 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ገበያ ውስጥ ሲያወራ ሰው ዞር ብሎ ሽማግሌውን ይፈልግ ነበር። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን "ይመታል" የሚለውን አላልቼ አነበብኩትና ተመቺውን መቺ አደረግኩት። ስክሪፕት ላይ ላላና ጥብቅ አይለይም። እሱ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጎ ወረቀቱን መለሰልኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የማነበው።

አንድ ቀን ሽማግሌው ልጁ ሞቶበት የሚጮኽበት ክፍል ደረሰ። ስድስት ሰባት ጊዜ አስጮኹት። በማግስቱ ድምፁ ጠፋ። ዝንጅብልና ማር ጠጣ፤ በሹክሹክታ ያወራ ጀመር። ሹክሹክታ ጉሮሮ የሚያሳርፍ መስሎን ነበር። አያሳርፍም፤ የሚያሳርፈው ዝምታ ነው።

አዘጋጁ ጠራኝ። "የሱን ድምፅ ትችላለህ አይደል?" እችላለሁ። በእረፍት ሰዓት እሱን እያስመሰልኩ ሁሉንም የማስቀው እኔ ነበርኩ፤ እሱንም ጭምር። 8 ክፍል ሠራሁ። ብሩንም ተቀበልኩ። ቤቱ ከእኔ ቤት በእግር 10 ደቂቃ አይሞላም፣ አልሄድኩም። ሲሻለው ይመለሳል፣ ያኔ እነግረዋለሁ እያልኩ ነገን በነገ ገፋሁት። እሱ ለካ ሰፈሩ ሻይ ቤት ተቀምጦ ራሱን ከሬዲዮ ሰማ። ሰዎቹ "አንተ፣ ድነሃል እኮ!" ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። አይደለሁም የሚልበት ድምፅ አልነበረውም።

ወደዚያች ክፍል ተመልሶ አልመጣም።

እናንተ በድምፅ የምትሠሩ ልጆች፣ ውሃ ጠጡ ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ግን ስትናገሩ የድምፅ አውታራችሁ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ ይርገበገባል፤ የሴት ደግሞ 200 ገደማ። ስለዚህ ጉሮሮ የሚጎዳው ጩኸት መጨረሻ ላይ ይቀረጽ በሉ። አንዳችሁ ብቻውን ካለ አስቸጋሪ ይባላል፤ ሁላችሁም ካላችሁ የስቱዲዮው ልማድ ይሆናል። መሻከሩ ከ3 ሳምንት ካለፈ አንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ለልጅቷ ተናገሪ አልኳት። ግን መጀመሪያ ለባልደረቦችሽ። የታመመ ሰው ቦታ የተሰጠው ደግሞ እሺ ከማለቱ በፊት ይደውል። ይህን ስል ያኔ የቤት ኪራይ እንደነበረብኝ አልረሳሁም። ዛሬም ያ ኪራይ ቢኖርብኝ እደውል ነበር ወይ? እደውል ነበር ብዬ መማል አልችልም።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ቤታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብታችሁ ብቻችሁን ቀርጻችሁ ትልካላችሁ። ቴሌግራም ላይ በመቶዎች ሆናችሁ የአንዳችሁን ፊት ሌላችሁ አያውቀውም። ይህ ያሳዝነኛል። እኛ በአንድ ማይክ ትንፋሽ ለትንፋሽ ነበርን፤ ግን እሱን ምን ጠቀመው? እናንተ አምና አንዷ ስትታመም በአንድ ምሽት የሕክምና ብር አዋጥታችኋል። እኔ 10 ደቂቃ መንገድ አልሄድኩም። እቁብም ጀምሩ፤ የታመመ ሰው ካለ ዕጣው ለሱ ይለፍ።

አሁን እኔ ያደረግኩትን ሶፍትዌር ያደርገዋል፣ የሰው ድምፅ በደቂቃ ያስመስላል። አሜሪካ ውስጥ ለቪዲዮ ጌም ድምፅ የሚሰጡ ተዋንያን ሐምሌ 2016 ላይ በዋናነት በዚሁ ጉዳይ ሥራ አቁመው ከ10 ወር በላይ ቆይተዋል። አብረው ነው የቆሙት።

ጓደኛዬን ከብዙ ዓመት በኋላ ገብርኤል አካባቢ አገኘሁት። ድምፁ ተመልሷል፣ ትንሽ ጎርነን ብሏል። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። "ሁሉንም ክፍል ሰምቼዋለሁ። ሳሉን በደንብ ይዘኸዋል። ሳቄን ግን አላወቅክበትም" አለኝና ሳቀ። እውነትም ሌላ ነበር።