ለንደንን መሀል ላይ አታስገባት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ነገር ነው የመሰለኝ። ድምፅ እየቀዳህ እየደራረብህ ብቻህን እንደምትጫወት፣ አውሮፓ ያሉ ጓደኞችህም «ና፣ እኛ ጋ ታድራለህ» እንዳሉህ ጽፈሃል። ከምን ልጀምር ነው ያልከው። እኔ ክራር በሉፕ ፔዳል ነው የምሠራው፤ የተጫወትኩትን እዚያው ቀድቶ እየደጋገመ በሚያሰማ፣ በእግር በሚረገጥ መሣሪያ ማለት ነው። ኅዳር 2017 አምስተርዳም፣ ብራስልስና በርሊን ተጫውቼ ተመልሻለሁ። ስለ ባንክ ስቴትመንትና ስለ ኢንሹራንስ ሁሉም ሰው ይነግርሃል፣ እሱን ልለፈው።

1. ቶሎ አመልክት። የሼንገን ቪዛ፣ ማለትም እንግሊዝ የሌለችበት የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ለእኛ እንደ ድሮው በ15 ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ወዲህ መደበኛው ጊዜ 45 ቀን ሆኗል። ክፍያውም በዚያው ዓመት ከ80 ወደ 90 ዩሮ ጨምሯል። ከጉዞው ስድስት ወር ቀድመህ ማስገባት ትችላለህ።

2. ይቺን በደንብ አንብባት። ያው የአውሮፓ ኅብረት የ2024ቱ ውሳኔ እንደ እኔና አንተ ላለ ሰው ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትንም አስቀርቷል። አንዴ ከወጣህ ወጣህ ነው። እኔ ይህን አላወቅኩም። መስመሬ ካርታ ላይ ሲታይ ያምር ነበር፤ አምስተርዳም፣ ብራስልስ፣ ከዚያ በባቡር ለንደን፣ ከለንደን በርሊን። የእንግሊዝን ቪዛ ለብቻው 115 ፓውንድ ከፍዬ አወጣሁ። የለንደኗ ጓደኛዬ መጫወቻ ቦታ ይዛልኛለች። ክፍሏን ለእኔ ለቅቃ እህቷ ጋ ልታድርም ተዘጋጅታለች። ልሳፈር ሁለት ቀን ሲቀረኝ ብራስልስ ያሳደረኝ ልጅ ፓስፖርቴን ገልጦ አየና ዝም አለ። ቪዛው ላይ የመግቢያው ብዛት «01» ይላል። ለንደን ከሄድኩ በርሊን አልገባም። ያን ሁሉ ቀን ኪሴ ይዤው ስዞር አላየሁትም።

የባቡር ትኬቱም ቪዛውም ቀለጠ። ከሁሉ የከበደኝ ለልጅቷ ደውሎ መንገር ነበር። «ቤቴ የትም አይሄድ፣ ሌላ ጊዜ ትመጣለህ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ስለዚህ ለንደን የግድ ከሆነች ወይ መጀመሪያ አድርጋት፣ ወይ መጨረሻ አድርገህ ከዚያው ወደ አዲስ አበባ ተሳፈር።

3. የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ ጊዜህን አታጥፋ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ቀን ተመላልሻለሁ። «ዛሬ የሉም፣ ነገ ና።» በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ተገኙ። «ዘፋኝ አይደለህ፣ ባንድ የለህ፣ ተወዛዋዥ የለህ፤ ማን ብሎ ነው የሚጋብዝህ?» አሉኝ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ። ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 አልበም ማውጣታቸውን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሳክስፎን ይዘው ከፓንክ ባንድ ጋር! ግን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቪዛውን ያስገኘልኝ የጓደኞቼ ወረቀት ነው። የአምስተርዳሙን ልጅ የማውቀው ካዛንቺስ፣ የሙዚቃ ቤቱ ፈንድቃ ሳይፈርስ በፊት ነው። ደብዳቤው ላይ የትኛው ሌሊት የት እንደማድር፣ የት እንደምጫወት፣ ምግቤን ማን እንደሚችል አንድ በአንድ ጻፈ። የበርሊኑ ደግሞ ከሥራ ግማሽ ቀን አስፈቅዶ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄደ። የደመወዝ ወረቀቱን አሳይቶ፣ 29 ዩሮ ከፍሎ፣ ወጪዬን እንደሚሸፍን ፈረመ። ልመልስለት ብል ተቆጣኝ። አንተም የሁሉም ደብዳቤ ቀን እርስ በርሱ እንዲገጥም አድርግ። የምትሄደው ልትጫወት ነውና «ለጉብኝት» ብለህ አትሙላ።

4. ዕቃ አታብዛ። እኔ ክራሬንና ሁለት ፔዳል ብቻ ነው የያዝኩት። አምፑንም ሚክሰሩንም ጓደኞቼ ከየቦታው ለምነው አመጡልኝ። ክራሩን በእጅህ ያዝ፣ ክሮቹን አላላቸው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣ አይላክም፣ እሱም በእጅህ ይሁን። ለቤቶቹ ሽሮና በርበሬ ውሰድላቸው። ቅቤና ቋንጣ ግን አትሞክር፣ የወተትና የሥጋ ነገር ማስገባት ክልክል ነው።

በርሊን ላይ አርባ የሚሆን ሰው መጣ። በባቲ ቅኝት ጀምሬ ክራሩን በራሱ ላይ ደራረብኩት፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ። ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ያን ዝምታ ለዚያ ኃላፊ ባሰማቸው ብዬ ተመኘሁ።

መስመርህን ቀን በቀን ጽፈህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ለንደንን ካስገባሃት ልጅቷን ጠይቄ አገናኝሃለሁ። ስትሄድ በርበሬ ያዝላት፤ እኔ ለእሷ የያዝኩት በርሊን ነው የቀረው።