ከመዝገቡ ውጭ ያለውን ልጅ ፈልጉ

በሕፃናት የምግብ እጥረት ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን ለመገምገም የምትዘጋጁ ልጆቼ፣ በእጃችሁ የሚገባው ሪፖርት መጀመሪያ ገጹ ላይ አንድ የሚያኮራ ቁጥር አይጠፋውም፦ «ከታከሙት ሕፃናት 90 በመቶው አገግመዋል»። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ለማጨብጨብ አትቸኩሉ። ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ እንዲሉ ነው። «ከስንቱ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በአንድ አካባቢ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ 100 ሕፃናት አሉ እንበል። ፕሮግራሙ ለ30ዎቹ ብቻ ደርሶ ከነሱ 90 በመቶው ቢያገግሙ፣ የዳኑት 27 ናቸው። ሌላው ፕሮግራም ለ70ዎቹ ደርሶ 80 በመቶውን ቢያድን 56 ሕፃናት አተረፈ። ስብሰባ ላይ የሚመሰገነው ግን ባለ 90ው ነው! ስፊር የሚባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ዕርዳታ መለኪያ ያገገሙት ከ75 በመቶ እንዲበልጡ ሲያስቀምጥ፣ ሽፋኑም፣ ማለትም ከተጎዱት ሕፃናት ፕሮግራሙ የደረሰላቸው፣ በገጠር ከ50፣ በከተማ ከ70፣ በመጠለያ ጣቢያ ከ90 በመቶ በላይ እንዲሆን አብሮ አስቀምጧል። የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ከመዝገብ ይገኛላ። ሁለተኛውን ለማወቅ ግን በየቤቱ መዞር ግድ ነው።

ስለዚህ ዙሩ። በመዝገቡ «አቋርጧል» የተባለውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሂዳችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ሞቷል፤ መዝገቡ ግን ሞቱን አልሰማም። የሌላው እናት በየሳምንቱ ረጅም መንገድ መመላለሱ ከሥራዋና ከቀሩት ልጆቿ ጋር አልሆን ብሏት ትታዋለች። ጎረቤት ደግሞ ጭራሽ ያልተመዘገበ ልጅ ታገኛላችሁ፤ እናቱ ምግብ ያነሰው ሳይሆን በሌላ በሽታ የታመመ መስሏታል።

ልኬቱንም በዓይናችሁ እዩ። የክንድ ዙሪያ መለኪያዋ ጥብጣብ ቀላል ትመስላለች፦ ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ሕፃን፣ ግራ ክንድ፣ ከትከሻ እስከ ክርን ጫፍ ያለው እኩሌታ ላይ። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ከዚያ በላይ ሆኖ 12.5 ካልደረሰ መካከለኛ። ለኪው ጥብጣቧን ጠበቅ ሲያደርጋት ደህናው ልጅ ታማሚ ይሆናል፤ ላላ ሲያደርጋት ታማሚው ደህና ተብሎ ይሰናበታል። የቁመት ልኬት ላይ የመጨረሻዋን አሃዝ ተመልከቱ። 0 እና 5 ከበዙ ለኪው እያጠጋጋ ጽፏል ማለት ነው፤ በትክክል ከተለካ ከ0 እስከ 9 ያሉት አሃዞች ተቀራራቢ ሆነው ይመጣሉ። ዕድሜም 12፣ 24 እና 36 ወር ላይ ከተከማቸ ተጠራጠሩ፤ መቀንጨር የሚታወቀው ቁመት ከዕድሜ ጋር ተነጻጽሮ ነውና ዕድሜው ሲሳሳት እሱም ይሳሳታል። የእግር እብጠትም የከባድ ጉዳት ምልክት ነውና እንዳይረሳ። ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ተጭኖ ጉድጓዱ መቅረቱን ማየት ነው። ያበጠ ልጅ ክብደቱ የውኃ ስለሆነ ሲሻለው መጀመሪያ ይቀንሳል። ሚዛን ብቻ የሚያይ ገምጋሚ ይህን ልጅ «ብሶበታል» ብሎ ይጽፈዋል።

«በፊት እንዲህ ነበር፣ አሁን እንዲህ ሆነ» የሚለውም ብዙ ሰው አሳስቷል። የፊተኛው ልኬት እህል ባለቀበት ወር፣ የኋለኛው ከአዝመራ ማግስት ከተወሰደ ለውጡ የአዝመራው ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ ያልደረሰበት ተመሳሳይ አካባቢ አብሮ የሚለካው ለዚህ ነው። ክፉኛ የተጎዳን ሕፃን ግን ለንጽጽር ሲባል ሳይታከም ማቆየት አይታሰብም፤ ይህን የሚጠይቃችሁ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ።

ቤት ውስጥ ማን እንደሚወስንም እወቁ። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ ሰፊ የሥነ ምግብ ፕሮጀክት ለእናቶች ምክር ሲሰጥ ቆየ። የዓለም ባንክ የግምገማ ክፍል በ2005 ሲያየው ግን ገበያ የሚወጣው ባል ነው፤ አማት ባለችበት ቤት ስለ ምግብ የምትወስነው አማት ናት። እናቲቱ ምክሩን ብታውቅም ለመተግበር ሥልጣኑ አልነበራትም። ያስተማሯቸውን እናቶች ብቻ እየቆጠሩ ቢሆን ኖሮ ይህ አይታይም ነበር።

ውጤቱ «ለውጥ የለም» ሲሆን ፊት የሚያጠቁር አይጠፋም። በባንግላዴሽና በኬንያ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ጥናቶች የውኃ፣ የመጸዳጃና የእጅ መታጠብ ሥራ ብቻውን የሕፃናትን ቁመት እንዳልጨመረ፣ የምግብ ድጋፍና ምክር ግን መጠነኛ ለውጥ እንዳመጣ አሳዩ። ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበትን እምነት የሚነካ ውጤት ነበር፤ ሳይደበቅ ታተመ። እናንተም ሥራውን ስትዋዋሉ ምን እንደምትለኩና ውጤቱ እንዳለ ይፋ እንደሚሆን አስቀድማችሁ አስፈርሙ። ረቂቁን ካነበቡት በኋላ ፊርማ አታገኙም።