ጀሪካኑ የት ይታሰር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ክረምት ጭቃ ጽፌ ነበር። የመጣልኝ ጥያቄ ግን ዘጠኝ እጁ ስለ ቤንዚን ነው። ማደያው ሩቅ ነው፣ የቀረበውም ወረፋው አይጣል ነው። ስለዚህ ሁሉም ሞተር ሳይክሉ ላይ ጀሪካን ማንጠልጠል አምሮታል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስድብ ያለባቸውን ስድቡን ቆርጬ ጥያቄውን አስቀርቻለሁ።

ከደብረ ማርቆስ፦ የግብርና ባለሙያ ነው፣ ሞተሩ 125 ሲሲ ነው። ጮቄ ተራራ ሥር ያሉ ቀበሌዎችን አራት ቀን ይዞራል። «ስንት ሊትር ትርፍ ልያዝ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሞተርህ በሊትር ስንት እንደሚሄድ አልነገርከኝም። መልሱን ከየት ላምጣው? ታንከሩን ጢም አድርገህ ሙላና ኪሎሜትሩን ጻፍ። የተለመደ ሥራህን ሠርተህ ስትመለስ እንደገና ጢም አድርግ። የሄድከውን ኪሎሜትር ለገባው ሊትር አካፍል። አስፋልት ላይ በሊትር 40 ኪሎሜትር የሚሄድ ሞተር፣ ዳገትና ጭቃ ላይ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት 25 ቢወርድ አይግረምህ። በ25 አስላው። ታንከርህ 10 ሊትር ከያዘ 250 ኪሎሜትር ነው። በአራት ቀን ቀበሌ ለቀበሌ 250 ትጨርሳለህ? «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይላሉ እናቶቻችን። ለክተህም ካጠረህ 5 ሊትር ያዝ፤ ከዚያ በላይ ለማን ነው የምትጭነው?

ከእንጅባራ፦ «ቤንዚኑን በቦርሳ ጀርባዬ ላይ ባዝለውስ?»

አይሆንም። ስትወድቅ የምትወድቀው በላዩ ላይ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ አንዲት እህት ናት። በዓል ሲመጣ ባለቤቷ ወደ ወላጆቿ ሀገር በሞተር ይወስዳታል። መንገዱ የገጠር ነው። ሃያ ሊትር የምትይዘውን ቢጫ ጀሪካን ከእሷ ኋላ መጫኛው ላይ ያስራታል፣ ልጃቸው መሃል ትቀመጣለች። ሽታው ያዞራታል። ስትናገር «ፈሪ» ይላታል። «እውነት ፈሪ ነኝ?» ትላለች።

አይደለሽም። ይህን ቁጭ አድርገሽ አንብቢለት።

ቢጫዋ ጀሪካን የተሠራችው ለምግብ ዘይት ነው። ክዳኗ የቤንዚን ተን ለመያዝ አልተሠራም። ሽታው ካዞረሽ ተኑ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ እሳት የሚይዘውም ይኸው ተን ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ በንኖ አይጠፋም፣ ወደ ታች ይወርዳል። ከታች ያለው ደግሞ የሞተሩ ግለትና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ነው። «አገሩ ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል?» እንዳይልሽ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል። የጮቄ ውርጭ ምንም አያደርገውም።

ክብደቱም አለ። ሃያ ሊትር ቤንዚን 15 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ያ ሁሉ ከኋላ ጎማው ወዲያ ከፍ ብሎ ሲቀመጥ፣ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል። ጎደል ሲል ይብሳል፤ በቅል እንዳለ ወተት ይናጣል።

የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ከሞጣ ስመለስ ጀሪካኔ ከመጫኛው ብረት ጋር ሲፋተግ ውሎ ተበሳ። ሽታው አልነገረኝም፣ አፍንጫዬ ለምዶት ነበር። የነገረኝ የከብት እረኛ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ሞተርህ እየሸና ነው!» ብሎ ጮኸ። ዞር ብዬ ሳይ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ርሷል፣ ማርሚታው ከእግሬ አንድ ስንዝር አይርቅም። ያን ቀን ከኋላዬ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ዛሬ እየሳቅሁ አልጽፈውም።

ስለዚህ ሰው ሲጭን ጀሪካን አይጫን። ወደ ገጠሩ ከመታጠፉ በፊት ባለው የመጨረሻ ማደያ ታንከሩን ጢም ያድርግ። ብቻውን ሲሆን ግን ይቻላል። ለነዳጅ የተሠራ፣ ክዳኑ ውስጥ ላስቲክ ያለው የ5 ሊትር ጀሪካን ይግዛ። ከማርሚታው በተቃራኒ ጎን፣ ዝቅ አድርጎ ይሰረው። ብረት የሚነካበት ቦታ ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ያስገባ። ታንከሩ 5 ሊትር እንደጎደለ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቀዝቀዝ ሲል ይገልብጠው፤ እስከ መጨረሻው ተሸክሞት አይዙር። ባዶውም ተን የሞላበት ነውና ክዳኑ ይዘጋ። ማታ ምድጃ ካለበት ቤት አይደር። ያቺ ቢጫ ጀሪካን ደግሞ ታጥባ ወደ ውሃ እንዳትመለስ። ሦስት ሰው በአንድ ሞተር የሚለውን ሌላ ቀን እመጣበታለሁ፣ ባልሽ አያምልጠኝ።

ከደጀን፦ «ከአባይ በረሃ ስወጣ ጀሪካኑ እንደ ከበሮ ተነፋ። ይፈነዳል?»

ይነፋል። በረሃው ሙቀት ላይ ቤንዚኑ ይተናል፣ ይሰፋልም። ከድልድዩ እስከ ደጀን ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የውጩ አየር ግፊት ይቀንሳል፣ የታፈነው ይገፋል። ስለዚህ 10 የሚይዘው ላይ 9 ብቻ ቅዳ። ስትከፍት ጥላ ሥር፣ ከሞተሩ ራቅ ብለህ፣ ክዳኑን በጥቂቱ አላላውና ሲተነፍስ ጠብቅ። ቸኩለህ ከከፈትከው ፊትህ ላይ ይረጭሃል። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካለህ ውሃ እንዲያመጣ ላከው።

ከቡሬ፦ «ማደያው በጀሪካን አልቀዳም አለኝ፣ መብቴ አይደለም?»

የወረዳህን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ከፈቀዱልህ ሲቀዳ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጠው እንጂ ሞተሩ ላይ እንዳለ አታስቀዳ። የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊነሳ ይችላል።

ከብቸና፦ «መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ንጹህ መሆኑን በምን ልወቅ?»

ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል። ንጹህ ከሆነ ተኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት እንደ ቅባት ያለ ምልክት ይተዋል። ውሃ ከገባበት ደግሞ ሃይላንዱን ቀጥ አድርገህ ስታቆየው ከታች ይተኛል። ይህ ሁሉ ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ቤንዚን መሆኑን ካወቅህ ነው። ውሃ መስሎት የተጎነጨ ሰው አውቃለሁ።

ከአዴት፦ ከጓደኛው ሞተር በቱቦ በአፉ ሲስብ ዋጠ። ወተት ጠጣበት። ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል። «አሁን ምን ልጠጣ?» ይላል።

ይህ ደብዳቤ እንደደረሰኝ ደውዬለታለሁ፣ ሐኪም ጋ ሄዷል። የምጽፈው ለሌሎቻችሁ ነው። ቤንዚን የዋጠ ሰው ወተት አይጠጣ። እንዲያስመልሰው ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ አይክተት፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ክፉው ነገር እሱ ነው። ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ «ነገ ገበያ ስወጣ» አይባልም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ከላኳችሁ ሆስፒታል። ሰላም የሆነ መስሎትም ቢሆን ይታይ፣ ሳሉ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ጓደኛ መርዳት ከሆነ ሐሳባችሁ፣ ከታንከሩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደውን ቱቦ ነቅላችሁ በራሱ ጊዜ ወደ ጀሪካን ይውረድላችሁ። አፍ ምን አገባው?

ከዳንግላ፦ «በሶውን ከጀሪካኑ ጋር አስሬው ቤንዚን ቤንዚን አለኝ። ይበላል?»

አይበላም። ለዶሮም እንዳትሰጠው።