ሕግ የተማርኩት ለድሃ ልቆም ነበር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ሕግ እየተማርኩ ነው፣ ዘንድሮ እመረቃለሁ። ሕግ የመረጥኩት ለድሃ ልቆም ብዬ ነው። ለልምምድ ወረዳ ፍርድ ቤት ስወጣ ግን ያየሁት ቀጠሮ፣ አሁንም ቀጠሮ ነው። ልተወው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ተይ እህቴ! ቀጠሮው እውነት ነው፣ አላባብልሽም። የገበሬው ክርክር ድንበርና ውርስ ነው፤ ጠበቃ መያዣ ስለሌለው በር ላይ ራፖር ጸሐፊው የጻፈለትን ይዞ ይገባል፣ ዳኛው ደግሞ ያልተጠየቀውን አይፈርድም። አንቺ የምታስፈልጊው እዚያ ጋ ነው። የይዞታ ደብተሩን አገላብጠሽ እይ፦ በማን ስም ነው? አዋሳኞቹስ? የሚስቲቱ ስም አለበት? (ይህቺን ሳያዩ የሚከሱ አሉ!)

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) አቅም ለሌለው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ይላል፤ ግን በወንጀል ለተከሰሰ፣ ያውም ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን ነው። በመሬት የሚካሰሰው ሰውዬ እዚህ ውስጥ የለም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

የሚከፍል ደንበኛም ያዢ፣ ነውር የለውም፤ በዓላማ ኪራይ አይከፈልም። ሽምግልናንም አትናቂ። ሽማግሌ በአንድ ሰንበት የሚጨርሰው የድንበር ነገር ፍርድ ቤት ዓመት ሊፈጅ ይችላልና፣ ደንበኛሽን መጀመሪያ እዚያ ላኪው።