ተቅማጥና ትውከት በየዕድሜው፦ የጅማ ሰዎች ጥያቄ፣ የሲስተር መልስ

ሲስተር፦ እንደምን አመሻችሁ። የሕጻናት ነርስ ነኝ። የዛሬው ርዕስ ቫይረስ የሚያመጣው ተቅማጥና ትውከት ነው። ጥያቄያችሁን እዚህ ስትጽፉ የታማሚውን ዕድሜ አስቀድሙ። ዕድሜ ካልነገራችሁኝ መልስ የለኝም።

የቆጪ እናት፦ ሲስተርዬ፣ ልጄ 9 ወሩ ነው። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፣ ውሃ ውሃ ያስቀምጠዋል። እኔና አባቱ ደህና ነን። አንድ ቤት እየኖርን እሱን ብቻ ለምን ያዘው?

ሲስተር፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሮታ ቫይረስን ነው። ክትባቱ ከመምጣቱ በፊት በዓለም ላይ 5 ዓመት ሳይሞላው ሮታ ያልያዘው ልጅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሀብታም አገርም ድሃ አገርም ያው ነበር። ልዩነቱ በሞቱ ላይ ነው፤ በብዛት የሚሞቱት ሕክምና በቶሎ የማያገኙት ናቸው። የሚከፋው ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባሉት ላይ ነው። ከ3 ወር በታች ያለውን ከእናቱ የወረሰው መከላከያ በመጠኑም ቢሆን ይጠብቀዋል። አንቺና አባቱን ደግሞ በልጅነታችሁ ይዟችሁ ስለነበር ሰውነታችሁ ያውቀዋል። አሁን ቢደግማችሁም ብዙ ጊዜ ቀለል ብሎ ያልፋል።

ሮታ ብቻ አይደለም። አዴኖ ቫይረስ 40 እና 41 የሚባሉት በአብዛኛው ከ2 ዓመት በታች ያሉትን ይይዛሉ፤ ተቅማጡ ከሳምንት ሊያልፍ ይችላል። አስትሮ የሚባለው ቫይረስም ይበልጥ የልጆች ነው። ኖሮ ቫይረስ ግን ከጨቅላ እስከ ሽማግሌ ማንንም አይምርም።

አሁን ለልጅሽ፦ ጡት አታቋርጪ። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪ። ሃይላንዱ ግማሽ ሊትር ከሆነ ሁለቴ ሞልተሽ ለኪ፤ አትገምቺ። ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ስጪው። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ቀጥይ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፊው። ዚንክ ከጤና ጣቢያ ውሰጂ፤ ለእሱ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው፣ ለ10 ቀን። መጠጣት እምቢ ካለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቀረ ወይም ደም ካየሽ አሁኑኑ ይዘሽው ሂጂ። ሜትሮ (ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን መድኃኒት) አትስጪው።

የመርካቶ ባለሱቅ፦ ሆዴን ይቆርጠኛል። ምን ልውሰድ?

ሲስተር፦ ዕድሜህ? ተቅማጥ አለህ? ስንት ቀንህ ነው?

የአጋሮ አባት፦ የልጁ ጉዳይ ጥርስ እንዳይሆን። የእኛ ሁለቱም ጥርስ ሲያወጡ አስቀምጧቸው ነበር።

የአጂፕ እናት፦ እውነት ነው። እናቴም እንዲሁ ትላለች።

የሂርማታ ወጣት፦ ኧረ ጥርስና ሆድ ምን አገናኛቸው?

የአጋሮ አባት፦ ስትወልድ ታየዋለህ።

ሲስተር፦ ቆዩ፣ ቆዩ። ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ጥርስ የሚወጣበትና ሮታ የሚበረታበት ዕድሜ አንድ ላይ ስለሆነ ነው የሚመስላችሁ። በዚያ ዕድሜ ልጅ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። እኔን የሚያንገበግበኝ «ጥርስ ነው» እየተባለ የሚባክነው ጊዜ ነው። ልጁ ወደ እኛ ሲመጣ ውሃው አልቆ፣ ማልቀስ እንኳ አቅቶት ይሆናል። እባካችሁ፣ ጥርስም ቢመስላችሁ ኦአርኤሱን ጀምሩ።

የሂርማታ ወጣት፦ ችግሩ ውሃው ነው። ቧንቧው ይጠፋል፣ ሰው ከየትም ይቀዳል። ውሃ ቢስተካከል ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

የመርካቶ ባለሱቅ፦ ምግብ ቤቶቹስ? በየቦታው ያልታጠበ ሰላጣ ነው የሚቀርበው።

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ግን አይበቃም። ውሃ ቢስተካከል ኮሌራንና ታይፎይድን በጣም ይቀንሳል። ሮታ ግን ንጹሕ ቧንቧ ባላቸው አገሮችም ልጆችን ሲይዝ ኖሯል፤ በእጅ፣ በመጫወቻ፣ ዳይፐር በተቀየረበት ቦታ ይተላለፋል። ለዚህ ነው ክትባት ክትባት የምለው። በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት በአፍ ጠብታ ይሰጣል፣ በነጻ። የተከተበ ልጅም ሊይዘው ይችላል፤ ለሞት የሚያደርሰው ግን በጣም ይቀንሳል።

የአጂፕ እናት፦ የእኔዋ የ10 ሳምንቱ አምልጧታል። አሁን 5 ወሯ ነው። አለፈ ማለት ነው?

ሲስተር፦ አላለፈም። ካርዷን ይዘሽ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ። ነገ አልኩ፣ ለሳምንት አታሳድሪው።

የቂጦ ፉርዲሳ ተማሪ፦ 21 ዓመቴ ነው። ዶርም ውስጥ በሁለት ቀን አራት ሆነን አስመለሰን። ሳኒታይዘር እንጠቀማለን እኮ።

ሲስተር፦ ኖሮ ይመስላል። ከያዘህ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ድንገት ይነሳል፣ ከ1 እስከ 3 ቀን ያሰቃይህና ይለቅሃል። ከ100 ያነሱ የቫይረሱ ቅንጣቶች ሰው ማሳመም ይችላሉ። ሳኒታይዘር እሱን በደንብ አይገድለውም፤ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጠቡ። ትውከት የነካውን ወለል በበረኪና አጽዱ። ከተሻላችሁ በኋላ ለሁለት ቀን ለሌላ ሰው ምግብ አትሥሩ። ከያዛችሁ በኋላ ሰውነታችሁ የሚያገኘው መከላከያ ለረጅም ጊዜ አይቆይም፣ የቫይረሱ ዓይነትም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሊደግማችሁ ይችላል።

የአጋሮ አባት፦ ፋርማሲ ሜትሮና ሲፕሮ ሰጡኝ። ለልጁ ልስጠው?

ሲስተር፦ ከላይ ተናግሬአለሁ። አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ሜትሮም ቫይረስ ላይ አይሠራም። ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒንም ለሕጻን አትስጡ። ደም ካለ ሌላ ነገር ነው፤ ሰገራው ይመርመር።

የሂርማታ ወጣት፦ አተት፣ ማለቴ ኮሌራ፣ ቢሆንስ?

ሲስተር፦ የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ በብዛት ከወረደ እዚህ አትጻፉ። ኦአርኤስ እያጠጣችሁ ጤና ተቋም ውሰዱ።

የቆጪ እናት፦ ጨጓራስ በቫይረስ ይመጣል?

ሲስተር፦ ለዛሬ አይደለም።

የሰርቦ ልጅ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፣ ሽንት የሚያሸና። ከትናንት ያስቀምጣታል። «አልጠማኝም» ትላለች።

ሲስተር፦ ይሄን ቀድመህ ብትጽፈው ጥሩ ነበር። ሁላችሁም ስለ ልጅ ብቻ ታስባላችሁ። በሽታው በትንንሾች ላይ ይብዛ እንጂ ኖሮ ሽማግሌንም ይገድላል። በእርጅና ጊዜ ጥማት እንደ ድሮው አይሰማም፤ ስለዚህ «አልጠማኝም» ማለቷ አያስተማምንም። የሚያሸናው መድኃኒት ደግሞ ከሰውነቷ የሚወጣውን ውሃ ይጨምራል፤ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ኦአርኤስ በትንሽ በትንሹ አጠጣት። መድኃኒቱን በራስህ አታቋርጥ፣ በራስህም አትቀጥል። ፓኬቱን ይዘህ ከእሷ ጋር ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ዛሬ ማታ። የሚያደርሳችሁ መኪና አለ?

የሰርቦ ልጅ፦ የጎረቤት ባጃጅ አለ። ወጣን።