መልስ፦ ጥፋቱ የማን ነው? መጨባበጡስ ይቅር ወይ?

ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የዊስኮንሲንና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች ከጨዋታ በኋላ ሲጨባበጡ ስለተጋጩት ጠይቀሃል።

ዊስኮንሲን 77 ለ 63 አሸንፏል። ሊያልቅ 15 ሰከንድ ሲቀረው የዊስኮንሲኑ አሰልጣኝ ግሬግ ጋርድ ታይም አውት (አጭር እረፍት) ጠራ። ጨዋታው ያለቀለት ስለነበር የሚሺጋኑ አሰልጣኝ ጁዋን ሃዋርድ እንደ ንቀት ቆጠረው። ጋርድ ግን ምክንያት ነበረው። ሚሺጋን ሜዳውን ሙሉ ፕሬስ እያደረገ (ኳስ የያዘውን ቡድን እየተጫነ) ነበር። የዊስኮንሲን ተቀያሪዎች ኳሷን ከግማሽ ሜዳ ለማሻገር ከተሰጣቸው 10 ሰከንድ 4 ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ ጋርድ እንዳለው ታይም አውቱን የጠራው 10 ሰከንዱ እንደ አዲስ እንዲጀምርላቸው ነው። እዚህ ላይ ከጋርድ ጋር ነኝ። አንተው እየተጫንክ ‹‹ለምን ታይም አውት ጠራህ›› አይባልም!

ግን ጋርድ ሲጨባበጡ ተናዶ ሊያልፍ ያለውን ሃዋርድን ክንዱን ይዞ ማስቆሙ ምን የሚሉት ነው? ተወው፣ ይለፍ። ሃዋርድ ደግሞ በግርግሩ መሃል የዊስኮንሲንን ረዳት አሰልጣኝ ጭንቅላቱን መታ። ይሄ ሰበብ የለውም። 5 ጨዋታ ታገደ፣ 40 ሺህ ዶላር ተቀጣ። ጋርድም 10 ሺህ ከፈለ።

እኔን ያበሸቀኝ ሌላ ነው። ሦስት ተጫዋቾችም እያንዳንዳቸው አንድ ጨዋታ ታገዱ። ልጆቹ እኮ ትልልቆቹን ተከትለው ነው የገቡበት።

መጨባበጡ ግን አይቅር። ያልበረደለት አሰልጣኝ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ ይችላል።